የባንክ ዕዳ በጠባብ ኑሮ እንዴት ይከፈላል?

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ጤና አጠባበቅ፤ ስለ ታሪክ፤ ስለ ስፖርትም ይጻፋል። እኔ በዚህ ዓመት ለመጻፍ የመረጥኩት ግን ብዙ ሰው በቤቱ በሹክሹክታ እየተነጋገረበት በአደባባይ ስለማያነሣው ነገር፤ ይኸውም ስለ ዕዳ ነው። ዕዳ ስል ከጎረቤት ስለ ተበደሩት አንድ ስኒ ስኳር አይደለም፤ ነጋዴዎች ኦቨርድራፍት እያሉ ስለሚጠሩት የባንክ ዕዳ ነው። የምጽፈውም ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁትን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. ነሐሴ ድረስ በቤታችን 297,000 ብር የዚህ ዓይነት ዕዳ ሲከፈል አይቻለሁ፤ ደብተሩንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው «ቁጥሩን ሳትደብቅ ጻፈው» ብለው ስለ ፈቀዱልኝ ቁጥሩን እንዳለ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል። ኦቨርድራፍት ማለት አንድ ደንበኛ በተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ፤ በውል እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ፤ እንዲያወጣ ባንኩ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ጣሪያው 300,000 ብር ቢሆን ደንበኛው በሂሳቡ አንድ ሳንቲም ሳይኖረው እስከ 300,000 ብር ድረስ ቼክ ሊጽፍ ይችላል። ገንዘብ ሲያስገባ ዕዳው ይቀንሳል፤ መልሶ ሲያወጣ ይጨምራል። ከሌላው ብድር የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ በየወሩ ይህን ያህል ክፈል የሚል ሰሌዳ የለውም። ሁለተኛው፤ ወለዱ የሚታሰበው በጣሪያው ላይ ሳይሆን በየዕለቱ ማታ በሂሳቡ ላይ በተገኘው ዕዳ ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ነገሮች ልብ ብለህ ያዝልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእነርሱ የሚመነጭ ነው።

የዚህ አሠራር ታሪክ ረጅም ነው። በ1728 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ከተማ የስኮትላንድ ሮያል ባንክ ዊልያም ሆግ ለተባለ ነጋዴ በሂሳቡ ካለው በላይ እስከ 1,000 ፓውንድ እንዲያወጣ ፈቀደለት። ነጋዴ ዕቃ የሚገዛበት ቀንና ገንዘብ የሚሰበስብበት ቀን አይገጥምም፤ በመካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነገር ነው። በሌላ አገር ለደመወዝተኛም ይሰጣል፤ በእንግሊዝ አገር ከ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ጀምሮ ብዙዎቹ ትላልቅ ባንኮች ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ በዓመት ከመቶ 40 የሚጠጋ ወለድ ማስከፈል ጀምረው ነበር። በእኛ አገር ግን ይበልጡን የነጋዴ ነገር ነው።

አባቴ በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ይሸጣሉ። ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከጉለሌ ሸማኔዎች እጅ የወጣው ነጠላ፤ ጋቢና ባለ ጥለት ቀሚስ የሚሸጥበት ነው። ይህ ንግድ ወቅት አለው። ለእንቁጣጣሽ፤ ለጥምቀት፤ ለፋሲካና ለሠርግ ወራት ገዢው ይጎርፋል፤ በሁዳዴና በክረምት ግን ሱቁ ውስጥ ዝንብ ብቻ ነው። ሸማኔው ገንዘቡን የሚፈልገው ከበዓሉ ሁለት ወር አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ኦቨርድራፍት ለእንደዚህ ያለ ንግድ የተሠራ ይመስላል፤ ከጥምቀት በፊት ወጥቶ ለልብስ ይከፈላል፤ ልብሱ ሲሸጥ ተመልሶ ይገባል። አባቴ በ2011 ዓ.ም. ውሉን የተዋዋሉት ለዚህ ነበር። ጣሪያው 300,000 ብር፤ ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንደ ታሰበው ሄደ።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሠርጎች ብዙ ልብስ ገዙ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፋሲካው ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ሠርግ ቀረ፤ ገዢም ቀረ። ልብሱ በመደርደሪያ ላይ ሳለ ዕዳው በባንክ ውስጥ ነበር። እስከዚህ ድረስ ማንንም ሰው መውቀስ አይቻልም። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህንም አባቴ ራሳቸው ይላሉ። ሱቁ ባልሸጠባቸው ወራት የቤቱ አስቤዛና የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ሂሳብ በቼክ መውጣት ጀመረ። ልብስ የተገዛበት ብር ልብሱ ሲሸጥ ይመለሳል፤ የተበላ እንጀራ ግን ተሽጦ አይመለስም። ሂሳቡ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ነገሩ እኔ ዘንድ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. ክረምት፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ሱቅ ነበሩ። እናቴ መነጽሯን ስላላገኘች «እስቲ አንብብልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር። የውሉ ማደሻ ጊዜ መድረሱን፤ ሂሳቡ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከጣሪያው ሥር መቆየቱን፤ በዚህ ሁኔታ ውሉን ማደስ እንደማይቻልና ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ በመያዣው ላይ ሕግ በሰጠው መብት እንደሚሠራ ይገልጻል። እናቴ «መያዣው ምንድን ነው?» አለችኝ። ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን አነበብኩላት። የምንኖርበት ቤት ነው።

ባልና ሚስት በጋራ ያላቸውን ቤት ለመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት በሕግ ያስፈልጋል። ስለዚህ እናቴም በ2011 ዓ.ም. ፈርማለች። «ፈርሚ ተባልኩ፤ ፈረምኩ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። እዚህ ላይ የክፍል ጓደኞቼ ሊያውቁት የሚገባ አንድ የሕግ ነገር አለ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ ገንዘቡ በጊዜው ካልተከፈለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፤ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፤ የያዘውን ንብረት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በዚያ ቀን ባውቀው ኖሮ ደብዳቤውን ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አነበው አይመስለኝም።

ማታ አባቴ ሲመጡ ደብዳቤው ገበታው ላይ ነበር። እናቴ አልጮኸችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ብቻህን ይዘህ ነው የምትተኛው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ በኋላም «በሚቀጥለው በዓል ይቃለላል እያልኩ ነው» አሉ። ዕዳን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያከብደው ይህ ይመስለኛል። ሰሌዳ የሌለው ዕዳ ስለሆነ ማንም በወሩ መጨረሻ መጥቶ አልከፈልክም አይልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀጥለው በዓል አለ።

በማግስቱ አባቴና እኔ ወደ ባንኩ ሄደን የ12 ወር የሂሳብ መግለጫ አወጣን። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ማንም ሰው ዕዳውን በግምት መክፈል አይችልም። በደብተር ላይ ያሰፈርኩት የሚከተለውን ነበር። ዕዳው 297,000 ብር። የወሩ ወለድ 3,712 ብር ከ50 ሳንቲም። በቀን ሲካፈል 122 ብር ከ5 ሳንቲም፤ ይኸውም ሱቁ በተዘጋበት በእሑድም፤ እኛ በተኛንበት ሌሊትም የሚቆጠር ነው። ሱቁ በአማካይ በወር ያተርፍ የነበረው 14,000 ብር፤ የቤታችን ወጪ 9,500 ብር። ከ14,000 ላይ 9,500ንና 3,712.50ን ብንቀንስ የሚተርፈው 787 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህም በሐኪም ቤት ወይም በለቅሶ ቤት ያልቃል። እንግዲህ አባቴ ሰነፍ ሆነው አልነበረም፤ ሂሳቡ ራሱ መውጫ አልነበረውም።

ወለዱም ካልተከፈለ በየወሩ መጨረሻ ከዕዳው ላይ ይደመራል፤ በሚቀጥለው ወር ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል። 300,000 ብር በዓመት ከመቶ 15 አንድ ዓመት ምንም ሳይከፈልበት ቢቀመጥ 345,000 ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በየወሩ ሲደመር ግን 348,226 ብር ገደማ ይደርሳል። የሒሳብ መምህራችን ስለ ወለድ ወለድ በሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩን ያንቀላፋችሁ ጓደኞቼ፤ 3,226 ብሩ የት እንደ ሄደ አሁን ታውቃላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ከባንኩ ጋር መነጋገር ነበረብን። አባቴ መሄዱን ፈርተውት ነበር፤ ባለ ዕዳ ባለ ገንዘቡን ሲያይ መንገድ ይቀይራል እንጂ ወደ ቢሮው አይሄድምና። የብድር ባለሙያው ግን ከጠበቅነው በላይ ትሑት ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ ዕዳውን በሦስት ዓመት የሚከፈል መደበኛ ብድር እናድርገው አሉን። አስልቼ አየሁት፤ 300,000 ብር በከመቶ 15 በ36 ወር ሲከፈል በየወሩ ወደ 10,400 ብር ይሆናል። በጥር ወር ይቻል ይሆናል፤ በሁዳዴና በሐምሌ ግን አባቴ ያንን የሚያመጡበት መንገድ የለም፤ አንድ ወር ባለፈ ቁጥርም ቅጣት አለ። ስለዚህ አባቴ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ኦቨርድራፍቱ ይቆይ፤ ጣሪያው ግን በየሦስት ወሩ 25,000 ብር ይውረድ፤ ታኅሣሥ 275,000፤ መጋቢት 250,000 እያለ በ12 ጊዜ፤ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ዜሮ ይግባ። በደካማው ወር ትንሽ፤ በበዓሉ ወር ብዙ መክፈል ይቻላል፤ ግን ሦስት ወሩ ሲሞላ ጣሪያው መውረዱ አይቀርም። ባለሙያው ከአለቃቸው ጋር ተመካክረው በሳምንቱ ተስማሙ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የተሠራው በዚያ ቀን ነው። ሰሌዳ ያልነበረው ዕዳ ሰሌዳ አገኘ፤ የተከፈለውንም ብር መልሶ ማውጣት የማይቻል ሆነ።

አሁን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በዚህ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተቀምጦ ተከራከረ።

አስቀድሞ የተነሣው የ2012ቱ ልብስ ነው። በ90,000 ብር የተገዛ ልብስ ገና በመደርደሪያ ላይ ነበር፤ ጥለቱ ያለፈበት ስለሆነ ገዢ አይጠይቀውም። አንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ሁሉንም በ58,000 ብር እወስዳለሁ ብሎ ነበር። አባቴ «32,000 ብር ከስሬ?» ብለው እምቢ አሉ። እኔም ደብተሬን አምጥቼ አሳየኋቸው። 90,000 ብር በዓመት የሚበላው ወለድ 13,500 ብር ነው። ልብሱ የተቀመጠው ሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ ስለዚህ 33,750 ብር ወለድ አስቀድሞ ተከፍሎበታል። ኪሳራው ሊመጣ ያለ ሳይሆን መጥቶ ያለፈ ነው፤ ልብሱን ማስቀመጥ ኪሳራውን አይመልሰውም፤ ሌላ 13,500 ይጨምርበታል እንጂ። አባቴ ደብተሩን ደጋግመው አዩት። በሦስተኛው ቀን ልብሱ ተሸጠ። አንዱን ነጭ ጋቢ ግን አስቀርተው ለራሳቸው ለበሱት፤ ይኽን በሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁም።

ሁለተኛው የእናቴ ቁጠባ ነው። እናቴ በቁጠባ ሂሳብ 18,000 ብር ነበራት፤ የሚታሰብላት ወለድ በዓመት ከመቶ 7 ነው። ያ 18,000 ብር ለእርሷ በዓመት 1,260 ብር ያመጣል፤ ያው 18,000 ብር በዕዳው በኩል 2,700 ብር ይበላል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በቀኝ እጁ ቆጥቦ በግራ እጁ ሲበደር በዓመት 1,440 ብር ይከስራል ማለት ነው። እኔ ሁሉም ይግባ አልኩ። እናቴ 12,000ውን ሰጥታ 6,000ውን አልሰጥም አለች። «ሂሳቡ ልክ ነው፤ ግን ሌሊት ሰው ቢታመም ደብተርህን ይዤ ሐኪም ቤት አልሄድም» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ያልተማረ ሰው ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ወደፊት እደርስበታለሁ።

ሦስተኛው ለእኔ በጣም የሚያስደስተኝ ነው። አባቴ የሳምንቱን ሽያጭ በሱቁ የብረት ሳጥን ውስጥ አከማችተው ቅዳሜ ለሸማኔዎች ይከፍሉ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ በአማካይ 20,000 ብር ያድራል። ወለዱ በየዕለቱ እንደሚታሰብ አስታውሱ። ያ 20,000 ብር በሳጥን ውስጥ ከማደር በሂሳቡ ውስጥ ቢያድር፤ ቅዳሜም ወጥቶ ለሸማኔው ቢከፈል፤ ማንም ሳይራብ ማንም ሳይጎዳ በዓመት 3,000 ብር ወለድ ይቀራል። ሳጥኑ ከሌባ ይጠብቅ ይሆናል፤ ከወለድ ግን አይጠብቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሱቁን ሳይዘጉ ገንዘቡን ያስገባሉ። ገዢዎችም በስልክ እንዲያስተላልፉ የሂሳቡን ቁጥር በወፍራም ቀለም ጽፌ በሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

የቀረው የቤት ወጪ ነው። ከ9,500 ብር ወደ 7,800 አወረድነው። ጤፉን ከማሽላ ጋር በመቀላቀል 500 ብር፤ አባቴ ምሳቸውን ከምግብ ቤት መብላት ትተው በምሳ ዕቃ ይዘው በመሄድ 650፤ ወንድሜና እኔ ታክሲ ትተን በእግር በመሄድ 300፤ ከሻይ፤ ከስኳርና ከዳቦ 250። በጠቅላላው 1,700 ብር ነው። የእናቴን ዕቁብ ግን፤ በሳምንት 300 ብር የምትጥለውን፤ አልነካነውም። ታላቅ ወንድሜ የሚያድርበትን ክፍል ደግሞ በወር 2,500 ብር አከራየነው፤ እሱም ወደ እኔ መኝታ መጣ። ወንድሜ በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወስድ ነበር። ማታ ማታ በሱቁ ውስጥ በልብስ ክምር መካከል ተቀምጦ ያጠና ነበር፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ያነሣብናል። እውነቱን ነው። ዕዳውን የከፈለው ማን ነው ተብሎ በትክክል ቢቆጠር የእሱ ድርሻ በደብተሬ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል።

ስለ አመጋገብ ቁጠባ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ሰው ስለ ዕዳ ሲመክር ወዲያው ወደ ሽሮ ድስቱ ይሮጣል። ነገር ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። ከልብሱና ከቁጠባው የመጣው 70,000 ብር ወለዱን ብቻ በወር 875 ብር ቀነሰው፤ የሳጥኑ ገንዘብ ደግሞ በወር 250 ብር አተረፈ። ከአፋችን የቀነስነው ስኳርና ዳቦ ያመጣው ከሳጥኑ ጋር እኩል 250 ብር ነው፤ ያስለቀሰው ግን ታናሽ እህቴን ነው። ቁጠባ አያስፈልግም አልልም፤ ከሳጥኑ ይጀመር ነው የምለው።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕዳው 176,400 ብር ነበር፤ ጣሪያው በዚያ ጊዜ 225,000 ስለሆነ ደህና ርቀት ነበረን። በ2016ም ኑሮ ቢወደድም በወር በአማካይ 5,700 ብር እየቀነሰ ሄደ። ግንቦት 2016 ላይ 113,700 ደረሰ። በዚያን ጊዜ አባቴ እንደ ገና መሳቅ ጀምረው ነበር።

በዚያው ወር አያቴ፤ የእናቴ እናት፤ በድንገት ታመሙ። ለቀዶ ሕክምና 28,000 ብር ተጠየቀ። ሌሊት በ8 ሰዓት ለመግቢያ የተከፈለው ያ እናቴ አልሰጥም ያለችው 6,000 ብር ነው። የቀረው 22,000 ብር በማግስቱ ከኦቨርድራፍቱ ወጣ፤ ሌላ ምንጭ አልነበረንም። ዕዳው ተመልሶ 135,700 ሆነ። በዚያን ጊዜ የነበረው ጣሪያ 150,000 ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ግን ወደ 125,000 ይወርዳል። ማለት ከ10,700 ብር በላይ በአንድ ወር ውስጥ መገኘት አለበት፤ አለበለዚያ ውሉ ይፈርሳል። ወሩ ሠርግ ያለፈበት፤ ክረምት የገባበት ነው።

የዳነው በዕቁቡ ነው። የእናቴ ዕቁብ 50 ሰው ያለበት ስለሆነ ዕጣው 15,000 ብር ነበር፤ የእርሷ ዕጣ ግን ገና አልወጣም። እናቴ እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት ጎረቤታችንን፤ በዚያ ሳምንት ዕጣው የደረሳቸውን፤ «ተራሽን ለእኔ ልቀቂልኝ፤ የእኔ ሲወጣ ውሰጂ» ብላ ለመነቻቸው። ሴትዮዋም ዳኛውን አስፈቅደው ለቀቁላት፤ ገንዘቡን ለምጣድ መግዣ አስበውት ነበር። ዕቁብ ለተበዳሪ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ዕጣው አስቀድሞ የደረሰው ሰው ያልጣለውን ገንዘብ ከባልንጀሮቹ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ግን ዕዳ አይደለም ማለት አይደለም፤ እናቴ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ 300 ብሯን ጥላለች፤ አንድ ሳምንት እንኳ ሳታጓድል። 15,000 ብሩ ሲገባ ዕዳው 120,700 ሆነ፤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሪያውን በ4,300 ብር አለፍን። አያቴ ድነው ዛሬ በጤና አሉ።

የ2017 ዓ.ም. ታሪክ አጭር ነው፤ ምክንያቱም ዕዳ ወደ ታች በወረደ መጠን ወለዱ እያነሰ አከፋፈሉ ይፈጥናል። መጀመሪያ ላይ በወር 3,712 ብር ይበላ የነበረው ወለድ በዚያ ዓመት አጋማሽ ከ1,000 ብር በታች ሆኗል፤ ልዩነቱ በሙሉ ዋናውን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። የልብስ ዋጋ ስለ ጨመረም የሱቁ ትርፍ በቁጥር ከፍ ብሎ ነበር፤ የጤፉም ዋጋ እንደዚያው። ሰኔ 30 ቀን 17,300 ብር ቀርቶ ነበር፤ ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ገባ። በሦስቱ ዓመት የከፈልነውን ወለድ ስደምር 64,000 ብር ግድም መጣ። ዕዳው በነበረበት በ297,000 ቢቀመጥ ኖሮ የሦስት ዓመቱ ወለድ 133,650 ብር ይሆን ነበር፤ ዕዳውም እንዳለ ይጠብቀን ነበር።

ዕዳው ስላለቀ ባንኩ በቤቱ ላይ ያለው ዕግድ እንዲነሣ ደብዳቤ ጻፈ፤ የቤቱም ካርታ በመስከረም 2018 ተመለሰልን። አባቴ ካርታውን ሲቀበሉ ባለሙያው «ደንበኝነትዎ መልካም ነው፤ አዲስ ውል ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቋቸው። አባቴም 60,000 ብር ብቻ፤ ለበዓል ልብስ መግዣ ብቻ፤ በዓሉ ካለፈ በሁለት ወር ውስጥ ዜሮ የሚገባ፤ እንዲሆንላቸው ፈልገዋል። ውሉ ተረቅቆ ወደ ቤት መጥቷል፤ የእናቴን ፊርማ ይጠብቃል። እርሷ ግን ገና አልፈረመችም። ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ፤ በእርሳስ እያሰመረች ታነበዋለች፤ ያልገባት ቃል ሲኖር እኔን ትጠራኛለች። ትናንት አራተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል።